ባሕረኛውን ለማሻገር የወጣ ፕላን

ጀርመን አገር ብዙ የኖረ ሰው ሳያውቀው የሚለወጥበት ነገር አለ። ቋንቋው አይደለም፤ ቋንቋውማ ይኸው ስንት ዘመን ኖረን የወንዱና የሴቱ መለያ፣ ዴርና ዲ፣ እየተምታታብን ነው። ምግቡም አይደለም። የሚለወጠው ስለ ዕረፍት ያለው አስተያየት ነው። አገር ቤት ሳለን ዕረፍት ማለት ምንም ያልታሰበበት ቀን ነበር። ሰው ተጋድሞ ጣራ ያያል፣ እንግዳ ሲመጣ ይነሣል፣ እንግዳው ሲሄድ ተመልሶ ይጋደማል። እዚህ ግን ዕረፍት ከሥራ የበለጠ ዝግጅት ይጠይቃል። በጥር ይታሰባል፣ በየካቲት ቦታ ይያዛል፣ በሚያዝያ ጫማው ይገዛና ቤት ውስጥ እየተለበሰ ይላመዳል። በመጨረሻ ሰውየው ዐርፎ ሲመለስ ከዕረፍቱ የሚያገግምበት ሌላ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል።

ይህን የምለው ባሌን ለማማት አይደለም። ባማውስ? ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ አልፎ አልፎ እንኳ የማማት መብት ከሌለኝ ትዳር ምን ጠቀመኝ?

ባሌ ግርማ ይባላል። ፍራንክፈርት ውስጥ ፌኸንሃይም በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራተኛ ፈረቃ ሲያወጣ ኖረ። ማን ጠዋት ይግባ፣ ማን ከሰዓት፣ ማን መቼ ይረፍ፣ የታመመውን ማን ይተካ፣ ሁሉም የሚወሰነው በእሱ እርሳስ ነበር። ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ አበባና ኬክ አቅርቦ ሸኘው፤ እኔ ላይ ስለሚደርሰው ነገር ግን ያሰበ ሰው አልነበረም። ከመቶ በላይ ሰው ያሰማራ የነበረ አለቃ፣ ቦከንሃይም ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻ ይዞ ቀረ። እሷም እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት የፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ሰኞ፦ ልብስ ማጠብ። ማክሰኞ፦ ምስር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፦ ነፃ፣ በቅንፍ አስቴር። እኔ ሠላሳ ዓመት በነርስነት ሠርቼ በክብር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ረቡዕ ከሰዓትን ሌላ ሰው የሚሰጠኝ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ይህን ሰው ከቤት የሚያስወጣ አንድ ነገር እንዲመጣ እመኝ ነበር። የመጣው በስልክ ነው።

የደወለችው ሰልማ ናት፤ የሐጂ ኢድሪስ ልጅ። ሐጂ ኢድሪስ የምጽዋ ሰው ናቸው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ቋንቋ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን የውጭ ዜጎች ቢሮን ስም አጠራር አብረን ስንሳሳት ነው የተዋወቅነው። አማርኛን በትምህርት ቤት ስለተማሩ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ ሰዋስው ስሳሳት ያርሙኛል። ከሁሉ በላይ የታወቁት ግን በባሕር ነው። ማዕበል እንዴት እንደሚነሣ፣ መቅዘፊያ ሲሰበር ምን እንደሚደረግ፣ ዓሣ ነባሪ ከሩቅ በምን እንደሚለይ ሲያወሩ፣ ሰርግ ቤት ውስጥ ሙሽራውን ትቶ እሳቸውን የሚከብ ሰው አይቻለሁ። በፍራንክፈርት ስለ ባሕር ጥያቄ ያለው ሐበሻ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመራል። ዓሣ የገዛ ሰው ትኩስ ይሁን አይሁን እንዲነግሩት ፎቶ አንሥቶ ይልክላቸዋል። ማይን ወንዝ የሞላ ጊዜ እንኳ አስተያየታቸው ተጠይቋል።

ባለቤታቸው ዘይነብ ባለፈው ክረምት አረፈች። ከዚያ ወዲህ ሽቫንሃይም ካለው ቤታቸው አይወጡም። ሰልማ ግማሹን በጀርመንኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ የቀረውን በለቅሶ ነገረችኝ። አባቷ ለሶላት ይነሣሉ፣ ይበላሉ፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥኑን አይከፍቱትም፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ጥቁሩን መስታወት ያያሉ። «ታንቴ አስቴር» አለችኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «አባዬ እናንተን ይሰማል፣ የሆነ ቦታ ውሰዱልኝ።»

ለግርማ ነገርኩት። ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ሐጂ ምን ይወዳሉ? ባሕር ነዋ፣ አልኩት። እርሳሱን አነሣ።

በአምስት ቀን ውስጥ በየክፍሉ ባለ ቀለም ወረቀት የገባበት ማኅደር ተዘጋጀ። የጣሊያን ጠረፍ ላይ ገደል ተጣብቀው የተሠሩ ሦስት መንደሮች ተመርጠዋል። ወደ መጀመሪያው መንደር በጀልባ ይገባል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው በእግር ነው፤ መንገዱ ባሕሩን ከላይ እያየ በወይን እርሻ መካከል ያልፋል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያለው የእግር መንገድ ናዳ ስለዘጋው እንደገና ጀልባ ነው። ሁሉም በደቂቃ ተሰልቷል። ከ10፡40 እስከ 10፡52 «መልክዓ ምድር ማየት» የሚል አየሁና ለምን ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሆነ ብዬ ጠየቅሁት። ለሦስት ሰው አራት አራት ደቂቃ ነው፣ አለኝ። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ማየት አንችልም ወይ ልለው ነበር፤ ነገር ግን ይህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከምስር ሌላ ነገር እያሰበ ስለነበር ተውኩት።

ሽቫንሃይም ሄደን ነገርናቸው። ሐጂ መጀመሪያ እንቢ አሉ። እግሬ አለ፣ ስኳሬ አለ፣ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ። ግርማ ግን ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ባሕር ነው» ሲላቸው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ጀልባ አለው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሁለት ጊዜ» አለ ግርማ፣ ኮራ ብሎ።

«ሁለት ጊዜ» አሉ ሐጂ፣ ቀስ ብለው። ከዚያም መስኮቱን እያዩ አላህ ካለ እንሄዳለን አሉ። እኛ ናፍቆት መሰለን። ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ ግርማ እርግጠኛ ነበር፤ «አየሽ፣ ፊታቸው ተለወጠ» ይለኝ ነበር። እውነት ነው፣ ተለውጦ ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት ፈረቃ ያወጣ ሰው ሳይለማመድ አይጓዝም። ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ተወሰነ። ሄክስት ከሚባለው ሰፈር ማይንን ወደ ሽቫንሃይም የምታሻግር አንዲት ትንሽ ጀልባ አለች። በእሷ እንሻገራለን፣ ከዚያ በከተማው ጫካ ውስጥ ለአራት ሰዓት ያህል በእግር እንሄዳለን፣ ሻንጣችንም ለጣሊያን የተወሰነለትን ያህል ይመዝናል። ሐጂ ቤታቸው እዚያው ሽቫንሃይም ነው፤ ለመሻገር ግን መጀመሪያ ማዶ መገኘት ስላለባቸው በድልድዩ በኩል በአውቶቡስ ዞረው መጡ። እስከዚያች ቀን ድረስ ያላሰብኩት ነገር ያን ጊዜ መጣብኝ። ሐጂ እዚያ ሰፈር ሲኖሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ጀልባዋ ከቤታቸው በእግር የሚደረስባት ናት። አንድ ቀንም ተሳፍረውባት አያውቁም፤ ሁልጊዜ ወደ እኛ የሚመጡት በአውቶቡስ ነው።

ጀልባዋ ደረሰች። አንድ ብስክሌት የያዘ ሰው ገባ፤ ውሻ የያዘች ሴት ገባች፤ ግርማ ገብቶ ሰዓቱን አየ። እኔ ገባሁ። ሐጂ ወደቡ ላይ ቆመው ቀሩ። ወንዙ እንደ ገበቴ ውሃ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ማዶው ላይ የቆመ ሰው የሸሚዝ ቁልፍ የሚቆጠርበት ርቀት ነው።

ግርማ ይምጡ እንጂ ሐጂ አላቸው። እናንተ ተሻገሩ፣ እኔ በአውቶቡስ ዞሬ እደርስባችኋለሁ አሉ። ግርማ፣ አውቶቡስ ልምምዱ ውስጥ የለም አለ። ሐጂ፣ አንድ ቦታ አስገባው አሉ። ጀልባ ነጂው፣ ጢሙ የሸበተ ጀርመን፣ ሁለቱን እየተመላለሰ አየና ትሻገራላችሁ ወይስ አትሻገሩም ብሎ ጠየቀ። እኔ ወረድኩ። ግርማም ማኅደሩን ደረቱ ላይ ታቅፎ ወረደ። ጀልባዋ ውሻውንና ብስክሌቱን ይዛ ሄደች።

ወደቡ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ። ሦስታችንም ተቀመጥን። ሐጂ ብዙ ጊዜ ጉልበታቸውን እያሹ ቆዩና ወንዙን እያዩ መናገር ጀመሩ።

«ግርማ» አሉ፣ «እኔ ምጽዋ ተወለድኩ እንጂ ባሕር ላይ አልተወለድኩም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የሱቃችን በር ወደ መንገዱ ነው፤ ባሕሩ በጀርባችን ነበር።»

ግርማ ማኅደሩን ዘጋ። እኔ ያ ሁሉ የማዕበል ወሬ፣ ያ የተሰበረ መቅዘፊያ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁ።

«ከደንበኛ» አሉ። «ዓሣ አጥማጁም የጀልባ አለቃውም ሱሪው እስኪጠገንለት ተቀምጦ ያወራል። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ እሰማለሁ። እኔ የተሳፈርኩት አንድ ጊዜ ነው። ከአገር የወጣሁ ጊዜ፣ ከዘይነብ ጋር ከተጋባን ሦስት ወራችን ነበር። ሳንቡክ ነበረች፣ የሸራ ጀልባ። ሁለት ቀን ሙሉ ሸራው ሥር ገብቼ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጌ ዐይኔን ጨፍኜ አለቀስኩ። ያስመለሰኝም ልብሷ ላይ ነው። ማዶ ስንወርድ፣ ለማንም አልነግርም አለችኝ። አልነገረችም። ይኸው እስክትሞት ድረስ እኔ በየሰርጉ ማዕበል ስቀዝፍ እሷ አንዲት ቃል ሳይወጣት አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። አሁን እሷ ሄደች። የሚያውቅልኝ ሰው የለም።»

እንደ እሳቸው ልማድ ሰዋስው አሰብኩ። «የሚያውቅብኝ» አላሉም። «የሚያውቅልኝ» ነው ያሉት። አንድ ሰው ፈሪ መሆኑን የምታውቅለት ሚስት ስትሞትበት፣ ፍርሃቱን ለብቻው ይዞ ይቀራል ማለት ነው። ቴሌቪዥን ሳይከፍቱ የሚቀመጡት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ትንሽ ገባኝ። ነርስ ብሆንም በዚህ ዓይነቱ ሕመም ላይ አልሠራሁም።

ግርማን አየሁት። ጉዞውን ሊሰርዝ ነው፣ ወይም ሐጂን በሰዓት ሰሌዳ ሊያሳምን ነው ብዬ ፈራሁ። ግርማ ግን ማኅደሩን ከፈተ፣ አዲስ ወረቀት አወጣና ጻፈ። አንደኛ ሳምንት፦ ጀልባዋን ማየት። ሁለተኛ ሳምንት፦ ጀልባዋ ቆማ ሳለ ገብቶ መውጣት። ሦስተኛ ሳምንት፦ መሻገር። ከዚያ ወረቀቱን ለሐጂ አቀበላቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ሁለተኛው ሳምንት ለሁለት ይከፈል» አሉ።

«ይከፈላል» አለ ግርማ፤ አረመው።

እንዲህ ተጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደቡ ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጀልባዋ ስትሄድና ስትመለስ ያያሉ። እኔ ብዙውን ጊዜ አልሄድም ነበር፤ ግርማ ግን ማታ ሲመለስ ሪፖርት ያቀርባል። ዛሬ አንድ እግር ገባ። ዛሬ ሁለት እግር ገባ፣ ግን ወዲያው ወጣ። ጀልባ ነጂው ነገሩን ስለተረዳ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ትንሽ ይቆይላቸው ጀመር፤ ሐጂም በምላሹ መቅዘፊያ ሲሰበር ምን እንደሚደረግ ያስረዱታል። ሰውየው ጀልባዋ ሞተር እንዳላት አልነገራቸውም። ቤቴ ውስጥ ደግሞ የፍሪጁ ወረቀት ሳይታደስ አንድ ወር ሞላው። ምስር በፈለግሁ ቀን እሠራለሁ። አንዳንዴ ማክሰኞን ዝም ብዬ ጋደም ብዬ አሳልፈዋለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት እንድመጣ ተጠራሁ። መሻገሪያው ቀን ነበር። ሐጂ አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቆባቸውን አጥብቀው መጡ። ግርማ እጃቸውን ያዘ። የእኔን እጅ መያዝ ለሐጂ የሚሆን ነገር ስላልሆነ እኔ ሻንጣውን ያዝኩ። ሐጂ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ዱዓ እያነበበ፣ ግርማ ደግሞ ጆሯቸው ሥር «ሩብ፣ ግማሽ፣ ከግማሽ አለፍን» እያለ ተሻገሩ። ማዶ ስንወርድ ሐጂ ቁልቁል እግራቸውን አዩና፣ «እንመለስ» አሉ። የፈሩ መስሎኝ አውቶቡሱ ወዲያ ነው አልኳቸው።

«አይ» አሉ። «በዚያችው ጀልባ ነው የምልሽ።»

ያን ቀን አራት ጊዜ ተመላለሱ። ጫካው ውስጥ ሊደረግ የታሰበው የእግር ጉዞ ተረሳ። ይህ ስሕተት እንደነበር ጣሊያን ስንደርስ ገብቶናል።

የመስከረም መጀመሪያ ላይ ሄድን። የመጀመሪያው ጀልባ በነፋስ ምክንያት ስለተሰረዘ ወደ መጀመሪያው መንደር የገባነው በባቡር ነው። ስለ እግር ጉዞው ብዙ አልናገርም። ፕላኑ ላይ የመጀመሪያው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል፤ ደረጃ እንዳለው ግን አይልም። ደረጃ ነበረው። ድንጋዩን ጠርቦ የደረደረው ሰው ጉልበት ያልነበረው ወይም የሌላውን ጉልበት የማይወድ ሰው ነው። እኔ በየሃያው ደረጃ ዐርፍ ነበር፣ ሐጂ በየዐሥሩ፣ ግርማ በየአምስቱ። ለመልክዓ ምድር ከተመደቡት ዐሥራ ሁለት ደቂቃዎች እያንዳንዳችን አርባ አርባ ወሰድን። ሁለተኛው መንደር የደረስነው ግርማ ሦስተኛው መንደር ውስጥ ምሳ በልተን እንጨርሳለን ባለበት ሰዓት ነው። እሱም ማኅደሩን ሻንጣው ግርጌ ከተተውና ከዚያ በኋላ አላወጣውም።

ከዚያ ጀልባው መጣ። የማይን ጀልባ አይደለም፤ ሁለት ፎቅ ያለው፣ በሰው የተሞላ፣ ገና ሳንገባበት ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ነው። ባሕሩ በጣም የሚያስፈራ ባይሆንም ዝም ብሎ አልተኛም። ሐጂ መወጣጫው ላይ አንድ ጊዜ ቆሙ። ግርማ እጁን ዘረጋ። ያዙት፣ ገቡ፣ የፎቁ ጠርዝ ላይ ባለው ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ሦስቱን ሻንጣ ይዤ ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

ከወደቡ እንደወጣን ጀልባው ዘመም አለ። የሐጂ ጣቶች የግርማን እጅ ሲጨምቁ ከኋላ አየኋቸው፤ ግርማ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ አልሳበም። ዐይናቸው ተጨፍኗል። «ሩብ» አለ ግርማ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ግማሽ» አለ። ያን ጊዜ ሐጂ ዐይናቸውን ገለጡ።

ባሕሩን አዩ፣ ገደሉ ላይ የተለጠፉትን ቤቶች አዩ፣ እንደገና ባሕሩን አዩ።

«ሰማያዊ ነው» አሉ።

«ነው» አለ ግርማ።

«ያን ጊዜ አላየሁትም። ሸራው ሥር ነበርኩ። እሷ ግን ተቀምጣ ስታይ ነበር። ምን ይመስላል ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤ የማውቅ መስዬ ስለኖርኩ አልተመቸኝም።» ዐይናቸው እንባ ሞላው፤ አልጠረጉትም። ግርማም አንድ እጁ ስለተያዘ በሌላው መሐረብ አውጥቶ እሱ ራሱ ጠረገላቸው።

ከእነሱ ፊት ለፊት አንዲት ጀርመናዊት ተቀምጣለች፤ የተራራ ጫማ ያደረገች፣ ፀሐይ ያቀላት ደግ ሴትዮ። ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ ኖሮ ጎንበስ ብላ በጀርመንኛ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ ብላ ጠየቀቻቸው።

ግርማ ትክክለኛ ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት፣ አላት።

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። በእናንተ ዕድሜ፣ ያውም ከእናንተ አገር መጥታችሁ፣ ሰው ፊት ሳትደበቁ እንዲህ መሆን ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል አለች። ግርማ የባሕሩን ፍርሃት ማለቷ ስለመሰለው፣ እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ በጣም ተቸግረን ነበር አላት። እሳቸው ለሰው መናገር ያፍሩ ነበር፤ ፍራንክፈርት ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ተደብቀን ስንለማመድ ቆይተን ነው የለመድነው አላት። ሐጂ ዐይናቸውን ከባሕሩ ሳያነሡ፣ «ባለቤቴ ብቻ ነበረች የምታውቅልኝ፣ አላህ ይማራት» ብለው ጨመሩ። ሴትዮዋ አለቀሰች።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ሴትዮዋ ሁለቱን እንደ ጥንዶች እንዳየቻቸው ገብቶኛል። ጣልቃ ገብቼ ላስረዳ አሰብኩ። ግን ከየት ይጀመራል? ከልብስ ሰፊው ነው ወይስ ከሳንቡኩ? ያን እያሰብኩ ሴትዮዋ ዐይኗን ጠራርጋ ቀና ስትል እኔን አየችኝ፤ ሦስቱን ሻንጣ፣ የውሃውን ኮዳ፣ ጭኔ ላይ ያለውን የሁለቱን ሽማግሌዎች ኮትና የመድኃኒት ከረጢት አየች። በጣም በትሕትና፣ እርስዎ ደግሞ የሚንከባከቧቸው ነዎት ብላ ጠየቀችኝ።

ባሌን አየሁት። ወደ ባሕሩ ዞሮ «ሦስት ሩብ» እያለ ነበር።

አዎ፣ አልኳት። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። በጥሩ እጅ መያዛቸው ከፊታቸው ያስታውቃል፣ ሥራዎ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማንም ባያመሰግንዎ እኔ አመሰግንዎታለሁ አለችኝ። በትዳር በቆየሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ምስጋና ከማንም ደርሶኝ ስለማያውቅ አላረምኳትም።